የኮሌጅ ሶፍትቦል ስኮላርሺፕ፦ ከ9ኛ ክፍል እስከ ፊርማ፣ ለልጅቷም ለወላጆቿም

ልጃችሁ 9ኛ ወይም 10ኛ ክፍል ናት። ሶፍትቦል ትጫወታለች፣ ደህና ትመታለች፣ አሠልጣኟም “ይቺ ልጅ ኮሌጅ ትጫወታለች” ብሏችኋል። ደስ ይላል። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚደረግ ግን ቁጭ አድርጎ ያስረዳችሁ የለም፤ እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ስለሌለ የምትጠይቁት ዘመድም አይኖርም። ልጅቷ በእንግሊዝኛ ፈልጋ ታነባለች። ከፋዮቹ፣ ቅዳሜና እሁድ ሹፌሮቹ፣ መጨረሻ ላይም ወረቀቱ ላይ አብራችሁ ፈራሚዎቹ ግን እናንተ ስለሆናችሁ በአማርኛ ልጻፈው አልኩ።

ከመጀመሪያው አንድ ነገር እንተማመን። በሶፍትቦል ሙሉ ስኮላርሺፕ የሚያገኙት ጥቂቶች ናቸው። ብዙው ሰው የሚያገኘው ከስፖርቱ ትንሽ፣ ከትምህርት ውጤቷ ትንሽ፣ ከመንግሥት እርዳታ ትንሽ ተለቃቅሞ ነው። ስለዚህ አንድ ኮሌጅ “40 ፐርሰንት ሰጠናት” ሲል ቶሎ እልል አትበሉ። ሁሉም ተደምሮ፣ ተቀንሶ፣ ከኪሳችሁ የሚወጣው ስንት እንደሆነ ነው ማየት ያለባችሁ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ወደዚያ የሚያደርስ መንገድ ነው።

1. ገንዘቡ የት እንዳለ እወቁ

ኤንሲኤኤ የሚባለው ትልቁ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር ሦስት ደረጃ አለው። ዲቪዥን 1 በቴሌቪዥን የምታዩት ነው፤ ኦክላሆማ፣ ቴክሳስ፣ ዩሲኤልኤ፣ በየዓመቱ ኦክላሆማ ሲቲ ላይ ለዋንጫ የሚጫወቱት። እዚህ ሕጉ በቅርቡ ተቀይሯል። እስከ 2025 ድረስ አንድ የዲቪዥን 1 ቡድን ለሶፍትቦል መስጠት የሚችለው የ12 ሙሉ ስኮላርሺፕ ያህል ገንዘብ ነበር፤ አሠልጣኙ ያንን ለ20 ምናምን ልጆች ይቆራርሰዋል። በጁን 2025 ፍርድ ቤት ያጸደቀው “ሃውስ” የተባለው ስምምነት ይህንን ቀየረ። ስምምነቱ ውስጥ የገቡ ኮሌጆች የስኮላርሺፕ ጣሪያ የለባቸውም፤ በምትኩ ቡድኑ ከ25 ተጫዋች መብለጥ አይችልም። ያልገቡት በድሮው ጣሪያ ቀጥለዋል።

ይህ ሲሰማ ለ25ቱም ሙሉ ክፍያ ያለ ይመስላል። አይደለም። ሕጉ ፈቀደ እንጂ ገንዘቡን አላመጣም። ሀብታሞቹ ኮሌጆች ይጨምራሉ፣ ሌሎቹ እንደ ድሮው ይቆራርሳሉ። የ25 ገደቡ ደግሞ “ያለ ስኮላርሺፕ ልግባና ራሴን ላሳይ” ለሚሉ ልጆች በሩን አጥብቦታል።

ዲቪዥን 2 በቡድን የ7.2 ስኮላርሺፕ ገንዘብ አለው፤ እሱም ይከፋፈላል። ዲቪዥን 3 ለስፖርት አንድ ዶላር አይሰጥም፤ ግን ለውጤትና ለቤተሰብ አቅም ብዙ የሚሰጡ ጥሩ ጥሩ የግል ኮሌጆች ያሉት እዚያ ነው። እንደ ሃርቫርድና የል ያሉት የአይቪ ሊግ ትምህርት ቤቶችም ዲቪዥን 1 ቢሆኑም የስፖርት ስኮላርሺፕ የላቸውም፤ የሚሰጡት በቤተሰብ አቅም ነው። ከኤንሲኤኤ ውጭ ደግሞ ኤንኤአይኤ የሚባል ሌላ ማኅበር አለ፣ ትናንሽ ኮሌጆች የሚበዙበት፣ የስፖርት ገንዘብ ያለው። የሁለት ዓመት ኮሌጆችም አሉ። የእነሱ ማኅበር በሆነው በኤንጄሲኤኤ ዲቪዥን 1 መኖሪያና ምግብ ሳይቀር ሊሸፍኑ ይችላሉ፣ ዲቪዥን 2 ትምህርቱንና መጽሐፉን፣ ዲቪዥን 3 ምንም። ካሊፎርኒያ ያላችሁ ልብ በሉ፦ የካሊፎርኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጡም።

2. ትራንስክሪፕቱን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ጠብቁ

ብዙ የሐበሻ ወላጅ እዚህ ላይ ቅድሚያ አለው፤ “መጀመሪያ ትምህርት” ሲል ነው የኖረው። ልክ ነበራችሁ። ግን ጥሩ ውጤት ማምጣት ብቻ አይበቃም፤ ትክክለኛዎቹን ኮርሶች መውሰድ አለባት።

ለዲቪዥን 1 እና 2 ልጅቷ ኤንሲኤኤ ያጸደቃቸውን 16 ዋና ኮርሶች መጨረስ አለባት። በእነዚያ 16 ኮርሶች ላይ ብቻ የሚሰላ ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ለዲቪዥን 1 ቢያንስ 2.3፣ ለዲቪዥን 2 ቢያንስ 2.2 ይጠየቃል። ለዲቪዥን 1 የሚፈለጉት 4 ዓመት እንግሊዝኛ፣ ከአልጀብራ 1 ጀምሮ 3 ዓመት ሒሳብ፣ 2 ዓመት ሳይንስ፣ 2 ዓመት ማኅበራዊ ሳይንስ፣ ከእንግሊዝኛ ወይም ከሒሳብ ወይም ከሳይንስ 1 ተጨማሪ ዓመት፣ ቀሪው 4 ደግሞ ከእነዚሁና ከመሳሰሉት ለምሳሌ ከውጭ ቋንቋ ነው። ሰው የሚወድቀው በሚከተለው ላይ ነው፦ ከ16ቱ 10ሩ 12ኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለባቸው፣ ከ10ሩም 7ቱ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ሳይንስ መሆን አለባቸው። 12ኛ ክፍል ከጀመረች በኋላ እነዚያን 10 ኮርሶች ደግማ ውጤት ማሻሻል ብዙውን ጊዜ አትችልም። በ12ኛ ክፍል ነቅቶ ማካካስ የለም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ስለዚህ በ9ኛ ክፍል ካውንስለሯ ዘንድ ሄዳችሁ የትምህርት ቤቱን የጸደቁ ኮርሶች ዝርዝር ጠይቁ። እያንዳንዱ ሃይስኩል የራሱ ዝርዝር አለው። በተለይ ልጃችሁ በቅርቡ ከኢትዮጵያ መጥታ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ድጋፍ ክፍል ውስጥ ከሆነች ያ ክፍል እንደ እንግሊዝኛ ኮርስ ላይቆጠር ስለሚችል አስቀድማችሁ አረጋግጡ። 9ኛ ክፍልን አዲስ አበባ ወይም ሌላ ቦታ ተምራ ከሆነም የዚያ ዓመት ትራንስክሪፕት ይፈለጋል። የድሮ ትምህርት ቤቷ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ገና ዘመድ ለክረምት ሲሄድ ጀምሮ ማስወጣት ይሻላል፤ ቀኑ ሲደርስ በስልክ ከዚህ ሆኖ ማስወጣት ምን ያህል እንደሚያደክም ታውቁታላችሁ።

የኮሌጅ መግቢያ ፈተናዎቹ ኤስኤቲና ኤሲቲ ከ2023 ጀምሮ ለኤንሲኤኤ ብቁነት አይጠየቁም። ግን ኮሌጁ ራሱ ለውጤት ስኮላርሺፕ ሊጠቀምበት ይችላል፣ ስለዚህ ትፈተን። በ9ኛ ወይም በ10ኛ ክፍል ደግሞ የተጫዋቾችን ብቁነት በሚያጣራው የኤንሲኤኤ ኢሊጂቢሊቲ ሴንተር ድረ ገጽ ላይ ነጻውን ፕሮፋይል ትክፈት። የሚከፈልበት አካውንት በኋላ ይመጣል፤ አቅም ለሌለው ቤተሰብ ክፍያው የሚቀርበት አሠራር አለው።

3. ትራቭል ቦል፦ ውድ ነው፣ ግን አሠልጣኞቹ ያሉት እዚያ ነው

የኮሌጅ አሠልጣኝ ሃይስኩል ጨዋታ ብዙ አይመጣም። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ በብዙ ስቴት ሃይስኩል ሶፍትቦል የሚካሄደው በጸደይ ነው፣ ያን ጊዜ እሱ ራሱ ጨዋታ ላይ ነው። እንደ ጆርጂያና ኮሎራዶ በመኸር የሚጫወቱ ስቴቶችም አሉ፣ ግን እዚያም ቢሆን ምልመላው በአብዛኛው በክለብ ነው። ክለብ ማለት በ14፣ በ16፣ በ18 ዓመት በታች ተከፋፍሎ በክረምት የትምህርት እረፍትና በመኸር ከከተማ ከተማ የሚዞረው ትራቭል ቦል ነው። በጁላይ 4 ሰሞን ዴንቨር አካባቢ የሚካሄዱት ትልልቅ ውድድሮች ላይ በአንድ ሜዳ ዙሪያ ወንበር ዘርግተው የሚቀመጡ አሠልጣኞች ብዛት ያስደንቃል።

ወጪው በዓመት ብዙ ሺህ ዶላር ሊደርስ ይችላል፤ የክለብ ክፍያ፣ ሆቴል፣ ነዳጅ፣ አንዱ ዱላ ብቻ ከ300 እስከ 500 ዶላር። እዚህ ላይ ይሉኝታ ይቅር። ብዙ ክለቦች የክፍያ ድጋፍ ወይም ገንዘብ ማሰባሰቢያ አላቸው፣ ግን ላልጠየቀ አይሰጡም። ዱላም ያገለገለ ይገዛል።

ክለብ ስትመርጡ በስሙ አትወሰዱ። እነዚህን ጠይቁ፦ በዚህ ዓመት የትኞቹ ውድድሮች ትሄዳላችሁ? ባለፉት ዓመታት ልጆቻችሁ የት የት ኮሌጅ ገቡ? በልጄ ቦታ ስንት ተጫዋች አለ? የኮሌጅ አሠልጣኝ ሲደውል ስልክ የሚያነሳው ማነው? የታዋቂ ክለብ ተቀያሪ ከመሆን፣ በመካከለኛ ክለብ በየጨዋታው ሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መሐል) መጫወት ይሻላል። የተቀመጠችን ልጅ ማንም አያያትም።

እሁድ ስለ ቅዳሴ ይነሳል፣ አውቃለሁ። ውድድሮች የሚያልቁት እሁድ ነው። ከክለቡ ጋር ቡድን ከመግባቷ በፊት ተነጋገሩበት፣ በመሐል አይደለም። ዐቢይ ጾምም ከጸደይ ጨዋታ ጋር ስለሚገጥም የምትጾም ልጅ ሽሮ፣ ምስር፣ ለውዝ፣ ሙዝ በደንብ ይዛ ትውጣ፤ በአንድ ቀን ሦስት ጨዋታ በባዶ ሆድ አይሆንም።

4. ልጅቷን በቁጥር እወቋት

“ጎበዝ ናት” የሚለው ለአሠልጣኝ ምንም አይነግረውም። ቁጥር ይነግረዋል። ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ከሆነች ፍጥነቷ በራዳር ይለካ፤ በዲቪዥን 1 የሚፈለጉት በአብዛኛው በሰዓት ከ60 ማይል በላይ የሚወረውሩ ናቸው፣ ከፍጥነቱ ሌላ ኳሱ መውጣት መውረዱና ጥሩ ቼንጅአፕ (ቀስ ብሎ የሚመጣ አታላይ ውርወራ) መኖሩ ይታያል። ካቸር (ከመቺዋ ጀርባ ኳስ የምትይዘው) ከሆነች ኳሱ ጓንቷ ውስጥ ከገባበት እስከ ሁለተኛ ቤዝ የሚደርስበት ጊዜ ይለካል፤ ከ2 ሰከንድ በታች ጥሩ ነው። ሯጭ ከሆነች ከመምቻው እስከ አንደኛ ቤዝ ያለው 60 ጫማ ይለካ፣ ከ3 ሰከንድ በታች ከሆነ ዓይን ውስጥ ትገባለች። በግራ የምትመታ ፈጣን ልጅ ሁሌም ፈላጊ አላት።

ቁጥሩ ዝቅ ካለ አትዋሹ። አሠልጣኙ ራዳር ይዞ ነው የሚመጣው። ዝቅ ያለ ቁጥር በሩን አይዘጋም፣ የሚጽፉለትን ኮሌጅ ይቀይራል እንጂ።

5. ቪዲዮ

ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ። ሙዚቃ አያስፈልግም፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ ምስል አያስፈልግም። መጀመሪያ ላይ ስሟ፣ የምትመረቅበት ዓመት፣ ቦታዋ፣ ቁመቷ፣ በየትኛው እጅ እንደምትመታና እንደምትወረውር፣ ጂፒኤዋ ይጻፍ። ከዚያ ከሁሉ የሚበልጠው ጥንካሬዋ ይቅደም፤ አሠልጣኙ ከ20 ሰከንድ በኋላ ሊዘጋው ይችላል። ስትመታ ፊቷ በሚታይበት ጎን ይቀረጽ። ሜዳ ላይ ስትሆን ኳሱን መያዟ ብቻ ሳይሆን እግሯና ውርወራዋ እስከ መጨረሻው ይታይ። በስልክ ተቀርጾ ያልተቆራረጠ ቢሆን በቂ ነው። ለቪዲዮ ሠሪ ብዙ ብር አትክፈሉ።

6. የኮሌጆች ዝርዝር

ከ30 እስከ 40 ኮሌጅ። ጥቂት ከአቅሟ ከፍ ያሉ፣ ብዙ የሚመጥኗት፣ ጥቂት እርግጠኛ የሆናችሁባቸው። ድንቅ ዘዴ ልንገራችሁ፦ የእያንዳንዱ ቡድን ተጫዋቾች ዝርዝር ድረ ገጹ ላይ አለ። ልጃችሁ በምትገባበት ዓመት በእሷ ቦታ ያሉት ካቸሮች ወይም ሾርትስቶፖች ተመርቀው ይሆን? ሁለቱም ገና አንደኛ ዓመት ከሆኑ እዚያ ቦታ የለም። አሁን ደግሞ ትራንስፈር ፖርታል በሚባለው ብዙ ተጫዋች ከኮሌጅ ኮሌጅ ስለሚዘዋወር አሠልጣኞች ከሃይስኩል ልጅ ይልቅ ልምድ ያላትን የ20 ዓመት ልጅ ይመርጣሉ። ይሄ ለሁሉም ከብዷል፣ የልጃችሁ ጥፋት አይደለም።

ቅርብ ያሉትንም እዩ። በመንግሥት ኮሌጆች የስቴት ነዋሪ ክፍያ ራሱ ትልቅ ቅናሽ ነው። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላይ ሃዋርድ፣ ጆርጅታውን፣ ጆርጅ ሜሰን፣ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሁሉም ቡድን አላቸው። ሲያትል ላይ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ሲያትል ዩኒቨርሲቲም አለ። ዴንቨር ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ፦ ቦልደር ያለው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሶፍትቦል ቡድን የለውም፤ ፎርት ኮሊንስ ያለው ኮሎራዶ ስቴት አለው።

7. ኢሜይሉን ልጅቷ ትጻፈው

እናንተ አትጻፉላት። አሠልጣኞች የአባት ኢሜይል ከአንድ መስመር ያውቁታል፣ አይወዱትምም። ወላጅ አንብቦ የፊደል ስህተት ቢያርም ችግር የለውም። ርዕሱ ላይ የምትመረቅበት ዓመት፣ ቦታዋ፣ ስሟና ከተማዋ ይሁን። ይዘቱ እንዲህ ያለ ቢሆን ይበቃል፣ በእንግሊዝኛ፦

“ኮች፣ ስሜ እገሌ ነው። በ2028 የምመረቅ ካቸር ነኝ፣ ጂፒኤዬ 3.7 ነው። ኮሌጃችሁን የምፈልገው ነርሲንግ ማጥናት ስለምፈልግ ነው፤ በ2028 ሁለት ካቸሮቻችሁ እንደሚመረቁም አይቻለሁ። ወደ ሁለተኛ ቤዝ ያለኝ ጊዜ 1.9 ነው። ቪዲዮዬ ከዚህ በታች አለ። ከሐሙስ ጀምሮ ባለው ውድድር በሜዳ 6 በ10 ሰዓት እንጫወታለን፣ ቁጥሬ 14 ነው። የክለብ አሠልጣኜ ስልክም ከታች አለ።”

አለቀ። “ከልጅነቴ ጀምሮ ሶፍትቦልን እወዳለሁ” የሚለውን ሁሉም ይጽፈዋል። የኮሌጁ ስም ብቻ ተቀይሮ ለ40 ቦታ የተላከም ያስታውቃል፤ አንዳንዴም የሌላ ኮሌጅ ስም ተረስቶ ይቀራል፣ ያን ጊዜ በቃ። ከውድድሩ አንድ ሳምንት በፊት ትላከው፣ ከውድድሩ በኋላ አጭር ምስጋና ትላክ። በየኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ያለውን የተጫዋች መጠይቅም ትሙላ፤ አምስት ደቂቃ ነው።

8. ዝምታው የሚያልቅበት ቀን

ስትጽፍ መልስ ላይመጣ ይችላል። ዝምታ እምቢታ አይደለም። የዲቪዥን 1 ሶፍትቦል አሠልጣኞች ስለ ምልመላ እንዲያናግሯት የሚፈቀድላቸው 11ኛ ክፍል ስትጀምር ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የካምፕ ማስታወቂያና መጠይቅ መላክ ይችላሉ፣ ሌላ ወሬ የለም። ኮሌጁ ወጪዋን ችሎ የሚጋብዛት ጉብኝትም ከዚያው ቀን ይጀምራል። ዲቪዥን 2 ከ10ኛ ክፍል በኋላ ባለው ጁን 15 ይጀምራል። ዲቪዥን 3ና ኤንኤአይኤ ቀለል ያሉ ናቸው፣ ቀደም ብለው ሊመልሱ ይችላሉ።

ሴፕቴምበር 1 ስልኩ ካልጮኸ አልቅሳ ልትተኛ ትችላለች። የሚደወልላቸው ጥቂቶች ናቸው። በማግስቱ እሷ ትደውል። ብዙ ኮሌጆች ቡድናቸውን የሚሞሉት ከዚያ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ነው፣ ትናንሾቹ እስከ 12ኛ ክፍል ጸደይ ድረስ።

ካምፕን በተመለከተ፦ ኮሌጁ የሚያዘጋጀው ካምፕ ጥሩ ነው፣ ግን የካምፕ ግብዣ ኢሜይል ለሺህ ልጆች የሚላክ ስለሆነ “ፈለጓት” ብላችሁ አትደሰቱ። የጻፈችለት አሠልጣኝ ስሟን ጠርቶ ካነሳት ሂዱ። ብዙ ሺህ ዶላር ተቀብለው “ኮሌጅ እናገባታለን” የሚሉ አስመልማይ ድርጅቶችም አሉ፤ እነሱ የሚሠሩትን ይህንኑ ሥራ ልጅቷ በነጻ ትሠራዋለች።

ሜዳ ዳር ስትቀመጡም ጸጥ በሉ። አሠልጣኙ ከመረቡ ጀርባ ሆኖ ልጅቷ ስትሳሳት ምን እንደምታደርግ፣ ለጓደኞቿ ምን እንደምትል፣ ውኃ የምታቀብላትን እናቷን እንዴት እንደምትመልስላት ሁሉ ያያል። ዳኛ ላይ የሚጮህ አባትንም ያያል።

9. ገንዘቡን ስትነጋገሩ

የቃል ስምምነት ማንንም አያስርም፣ እሷንም ኮሌጁንም። ድሮ የነበረው ብሔራዊ የፍላጎት ደብዳቤ የሚባለው ውል በዲቪዥን 1 በኦክቶበር 2024 ቀርቷል፤ አሁን የሚፈረመው የገንዘብ እርዳታ ስምምነቱ ነው፣ ብዙውን ጊዜ በ12ኛ ክፍል ኖቬምበር። ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈን ነገር እንደሌለ ቁጠሩት።

ለምሳሌ ያህል፦ አንዱ ኮሌጅ በዓመት 50 ሺህ ዶላር ነው፣ ከስፖርት 20 ሺህ ሰጠ፤ ቀሪ 30 ሺህ። ሌላው የስቴታችሁ ኮሌጅ 28 ሺህ ነው፣ ከስፖርት 5 ሺህ፣ ከውጤት 8 ሺህ ሰጠ፤ ቀሪ 15 ሺህ። በቡና ላይ ሲወራ የመጀመሪያው ያስደምማል። በአራት ዓመት ግን ልዩነቱ 60 ሺህ ዶላር ነው።

አሠልጣኙን ሳታፍሩ ጠይቁ፦ ይህ ገንዘብ ለአንድ ዓመት ነው ወይስ ለአራት? ብትጎዳስ? እርስዎ ቢቀየሩስ? ከውጤት ስኮላርሺፕ ጋር ይደመራል? ክረምት ትምህርት ይከፈላል? ስኮላርሺፑ ካልታደሰ ኮሌጁ እስከ ጁላይ 1 በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፣ እናንተም ይግባኝ ማለት ትችላላችሁ። ለመኖሪያና ለምግብ የዋለው የስኮላርሺፕ ክፍል ደግሞ ግብር ይመለከተዋል፤ ለትምህርትና ለመጽሐፍ የዋለው አይመለከተውም።

ፋፍሳ የሚባለውን የመንግሥት የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ሙሉ። የሚታየው የልጅቷ ሁኔታ ነው፤ እሷ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያላት ከሆነች የእናንተ ወረቀት አይከለክላትም። ጥገኝነት ጠይቃ ገና መልስ የምትጠብቅ ልጅ ግን የፌደራል እርዳታ አታገኝም። የስፖርት ስኮላርሺፕ የኮሌጁ ገንዘብ ስለሆነ ጉዳዩ የተለየ ነው፣ እሱን ኮሌጁን ጠይቁ።

10. ከፈረመች በኋላ

የ12ኛ ክፍል ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ መዘናጋት አለ። ቅበላም ብቁነትም የሚጸናው በመጨረሻው ውጤት ነው። ከምረቃ በኋላ የመጨረሻው ትራንስክሪፕት ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ ወደ ኢሊጂቢሊቲ ሴንተር መላክ አለበት፤ ካውንስለሮች በክረምት እረፍት ስለሚወጡ ከመውጣታቸው በፊት በኢሜይል ጠይቋቸው፣ መላኩንም በአካውንቷ ገብታ ታረጋግጥ።